ከግቤ ማዶ የተወሰደችው አስቴር



ባለፈው ሳምንት ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ ሄድኩ። ቡታጅራ ከዘቢዳር ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት። ወልቂጤ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። መንገዱ ወልቂጤን አልፎ ይወርድና ግቤን ይሻገራል።

ገበያ ውስጥ አንድ ነጋዴ በሒሳብ ተጣላና ተሸካሚውን «ባሪያ!» ብሎ ሰደባቸው። ተሸካሚው ጎልማሳ ሰው ናቸው። ሸክማቸውን አውርደው ዝም አሉ። ሰውም ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ማታ ትምህርት ቤት ስገባ ሰውየው ከኋላ ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ ፊደል ብቆጥር ስሜ ያው አይደል?» አሉኝ። አፈርኩ። ከዚያ ይህን ታሪክ ነገርኳቸው።

በድሮ ዘመን ከጉራጌም፣ ከኦሮሞም፣ ከከፋም ብዙ ሰው እየተያዘ ተሸጧል። ከግቤ ማዶ፣ ከሊሙ እናርያ፣ አስቴር ጋኖ የምትባል ልጅ ነበረች። ነፃ ሆና ተወልዳ ባሪያ አደረጓት። በባሕር ወደ ዓረብ አገር ሊሸጧት ሲወስዷት፣ በፈረንጆች 1886 የጣሊያን መርከብ ጀልባውን ያዘና ነፃ ወጣች።

ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ የሚባል ቦታ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር። እዚያ ተቀበሏት፤ ፊደልም ቆጠረች። እዚያ የነበረው ኦነሲሞስ ነሲብም በልጅነቱ ተሰርቆ ብዙ ጊዜ የተሸጠ ሰው ነው። እርሱ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥቷል።

አስቴር 15,000 ያህል የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበች። 500 ያህል ዘፈንና ተረትም ጻፈች። በ1894 ከኦነሲሞስ ጋር የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አወጡ። በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው ነቀምቴ ላይ አስተማሪ ሆነች። የተሸጠችው ልጅ ለሌላው ፊደል አስቆጠረች ማለት ነው።

በአሜሪካም እንዲሁ ነበር። ፍሬደሪክ ዳግላስ የሚባል ባሪያ ማንበብ ተከለከለ። እርሱ ግን ለመንደር ልጆች ዳቦ እየሰጠ ፊደል ተማረ። በ1838 ጠፍቶ ኒውዮርክ ሲገባ ዴቪድ ራግልስ የሚባል ጥቁር ሰው ቤቱ አስጠጋው። ብቻውን አልተረፈም፤ ዝም ያላለ ሰው አገኘ።

በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስድቡ ግን እስከ ዛሬ ከአፋችን አልወጣም።

ሰውየው ጠመኔ ተቀበሉኝ። ሰሌዳው ላይ ስማቸውን ቀስ ብለው ጻፉ። «ስሜ ይሄ ነው» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ጮክ ብሎ አነበበው።

እናንተስ፣ በገበያችሁ እንዲህ ያለ ስድብ ስትሰሙ ምን ታደርጋላችሁ? ተነጋገሩበት። እኔ ከእንግዲህ ዝም አልልም።