ስለ ደጅ ጥናትና ስለ ትውውቅ

በቀድሞ ዘመን ሹመት የሚሻ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። በመኳንንቱ ግቢ አጥር ሥር ከንጋት እስከ ማታ እየቆመ፥ ጌታው ሲወጡ እጅ እየነሣ፥ ሲገቡም እየሸኘ፥ አንዳንዱ አንድ ክረምት አንዳንዱም ዓመታት ይቆያል፤ በመጨረሻም «ይህ ሰው ማነው?» የተባለ ዕለት ነገሩ ይቃናለታል። ዛሬ ያ አጥር ፈርሷል፤ ደጅ ጠኚው ግን አላለቀም። በሆሳዕና ከተማ በመሥሪያ ቤቶች የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት በማለዳ የሚቆሙትን ወጣቶች ያየ ሰው ይህን ይረዳል። እያንዳንዱ በብብቱ ሥር ማኅደር ይዟል፤ በማኅደሩም ውስጥ ዲግሪው አለ። የተለጠፈውን ወረቀት አንብበው እርስ በርሳቸው ሳይነጋገሩ ይበተናሉ።

ይህች ከተማ አስቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር፤ በኋላ በበዓሉ ስም ሆሳዕና ተባለች። የቀድሞው ስም ግን በ2004 ዓ/ም ማስተማር ለጀመረው ዩኒቨርሲቲ ተረፈ፤ እሱም በዱራሜ ሌላ ግቢ አለው። በነሐሴ 2015 ዓ/ም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ሆሳዕና የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆነችና መሥሪያ ቤቱ በረከተ። ሥራ ፈላጊው ግን ከመሥሪያ ቤቱ ይልቅ በረከተ።

ከነዚህ ወጣቶች አንዱ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር፥ እንሰትና ስንዴ የሚያለማ የገበሬ ልጅ ነው። ሒሳብ አያያዝ ተምሮ፥ የመውጫ ፈተናውንም አልፎ ተመረቀ። ይህን ፈተና ማለፍ ቀላል የሚመስለው ቢኖር፥ በመጀመሪያው ጊዜ በሐምሌ 2015 ዓ/ም በአገሩ ሁሉ ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ብቻ እንደ ነበሩ ያስብ። ልጁም «ይህን ካለፍሁ ሥራው ራሱ ፈልጎኝ ይመጣል» ብሎ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ በሰሌዳው ፊት ቆመ፤ ማታ ማታም በስልኩ ቴሌግራም ላይ የሚወጣውን የሥራ ማስታወቂያ ሲያገላብጥ ያመሻል። የላከው ማመልከቻ ብዙ ነው፤ የመጣለት መልስ ግን የለም።

አባቱ በበኩሉ ሌላ ምክር አሰበ። ታላቁ ልጅ በደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቶ ይነግዳል። «ልጄ፥ ሁለቱን በሬዎች እንሸጣለን፤ የጐደለውን ወንድምህ ይሞላዋል። ሰው የሚሄደው ሰው ወዳለበት ነው» አለው።

የአባትየው ነገር ከንቱ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ በ1986 ዓ/ም ከዘር መድልዎ አገዛዝ ከወጣች ወዲህ ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ወደዚያ ሄዷል፤ አንዱ ወንድሙን፥ ወንድሙም የአጎቱን ልጅ ይስባል። ከዚያ በተላከ ገንዘብ የተሠራ ቤት በሆሳዕናም በዱራሜም ይታያል። ነገር ግን በመጋቢት 2012 ዓ/ም ቴቴ በሚባለው የሞዛምቢክ አገር በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል፤ ከመካከላቸው የተረፉት 14 ናቸው፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውም ተነገረ። ልጁ ይህን ያውቃል፤ አባቱም ያውቃል። በዚያ ማታ ግን ሁለቱም አላነሡትም።

የሥጋ ዘመድ የሚያሳየው መንገድ ራሱ የሄደበትን ነው። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፥ በሰው በኩል ሥራ ያገኙትን ሰዎች ያን ወሬ የነገራቸውን ሰው ምን ያህል ያዩት እንደ ነበር ጠይቆ ነበር። ዘወትር የሚያዩት ሰው ነው ያሉት ከመቶ ወደ 17 የሚጠጉ ናቸው፤ የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያዩት ሰው ነገራቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በአንድ ምድጃ ዙሪያ የሚሞቁ ሰዎች የሚያውቁት ወሬ አንድ ነው።

ይህንስ የሐዲያ ልጅ ከአሜሪካዊው አስቀድማ አላወቀችውምን? በሆሳዕና የሚገኘው ሆስፒታል በስማቸው የተጠራላቸው የሐዲያው ገራድ ልጅ ንግሥት እሌኒ፥ ለዐፄ ልብነ ድንግል ሞግዚት ሳሉ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ ሲልኩ፥ የላኩት በዘመድ እጅ አይደለም፤ ማቴዎስ በሚባል አርመናዊ ነጋዴ እጅ ነው። እሱም በ1514 እ.ኤ.አ. ሊዝቦን ደረሰ፤ የፖርቱጋል መልእክተኞችም በ1520 መጡ። መልሱ ዘገየ፤ ቢሆንም መጣ።

ምናልባት አንባቢ «ይህማ በዘመድ መሾም ነው፥ እጅ መንሻም ይከተለዋል» ይል ይሆናል። እንዲህ ያለው ነገር መኖሩ አይካድም፤ ነውርም ነው። ትውውቅ ግን ሌላ ነው። የቅኔ ተማሪ አገር አቋርጦ ከአዲስ ጉባኤ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ተማሪ ነህ?» ተብሎ ነው። የዋሸራ ወይም የጎንጅ መምህር ስም ቢጠራ ማደሪያ ያገኛል። በማግስቱ ግን ጉባኤ ቃናውን ራሱ መቁጠር አለበት፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት፥ ነገር ግን ቤት ከመታች በኋላ ምሥጢር ብታጣ የመምህሩ ስም አያድነውም፤ እንዲያውም ሳቁ ይብስበታል።

የዛሬውን ተማሪ የሚያስረው ይሉኝታ ነው። ያ ልጅ ከመመረቁ በፊት በዱራሜ በአንድ የቁጠባ ማኅበር ለተግባር ልምምድ ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌው ሒሳብ ሹም የዓመቱን ደረሰኝ በጆንያ አድርገው ሰጡት፤ እሱም በቀን በቀኑ ለይቶ እያሰረ አስረከባቸው። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አልጻፈም፥ ስልክም አልደወለም፥ በበዓል ቀን እንኳ «እንዴት ሰነበቱ» አላላቸውም። ያለ ጉዳይ ሰውን ማድከም፥ በጉዳይም መምጣት ልመና መሰለው። እንዲህ አድርጎ የሚያሳድግ ቤት ልጁን ክፉ አላስተማረውም፤ ሆኖም የተዘጋ በር ሰጥቶታል።

በአንጋጫ በአንድ ለቅሶ ቤት ድንገት ተገናኙ።

«አንተ ልጅ፥ የት ጠፋህ? ስምህን ረሳሁት፤ እነዚያን ደረሰኞች ያሰርህበትን ክር ግን እስከ ዛሬ አልፈታሁትም» አሉት።

«ጋሼ፥ ሥራ ፈላጊ ሆኜ ልመጣብዎ አፈርሁ።»

«ሳትፈልግ ብትመጣስ ምን ነበረበት?» አሉና ዝም አሉ። ቡናው ሲደርስ ደግሞ ቀስ ብለው ነገሩት። በሺንሺቾ በአንድ ማኅበር የሒሳብ ጸሐፊው ሊለቅ ነው፤ ማስታወቂያውም ሰኞ ይለጠፋል። «እኔ አላስቀጥርህም፤ ከሌላው ሰው ጋራ እኩል ትፈተናለህ። ስለ ደረሰኞቹ ቢጠይቁኝ ግን ያየሁትን ጽፌ እፈርማለሁ።»

ማታ ቤቱ ሲደርስ የከብት ነጋዴው ከአባቱ ጋራ በበረቱ ደጅ ቆሞ የበሬዎቹን ጥርስ ያያል።

«አባዬ፥ ጥቂት ይቆዩ» አለ ልጁ።

«እስከ መቼ?»

«ሰኞ ሺንሺቾ እሄዳለሁ። እስከ ዐርብ።»

አባትየው ልጁን ረዥም ጊዜ አየው፤ ከዚያም ወደ ነጋዴው ዘወር ብሎ «ዐርብ ና» አለው።