ከፖላንድ መንደር እስከ ብሩክሊን፦ የታታር ሙስሊሞች ረጅም ጉዞ



ፖላንድ ስትነሳ በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የካቶሊክ አገር መሆኗ ነው። ስደተኞቿም በሄዱበት ሁሉ ካህናቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን አስከትለው እንደሄዱ ይነገራል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከእነዚሁ ስደተኞች መካከል፣ በዚያው የስደት መንገድ ተጉዘው ውቅያኖስ የተሻገሩ ሙስሊሞች እንደነበሩ ስንቶቻችን እናውቃለን? በኒው ዮርክ ከተማ ዛሬም ቆሞ የሚታየውን አንጋፋ መስጊድ ለትውልድ ያቆዩት እነርሱ ናቸው። በዚህ እትም ወደ ሰፈራቸው አብረን እንጓዝ። በጽሑፉ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትንሿ ፖላንድ

ጉዟችንን የምንጀምረው ከብሩክሊን ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከግሪንፖይንት ነው። ሰፈሩ ለብዙ ዘመን "ትንሿ ፖላንድ" ሲባል ኖሯል። የቤት ኪራይ ከናረ ወዲህ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌላ አካባቢ ቢሄዱም፣ ማንሃተን አቬኑ በተባለው ዋና ጎዳና ላይ በፖላንድኛ የተጻፉ ሰሌዳዎች፣ ዳቦ ቤቶችና ሥጋ ቤቶች ዛሬም ያጋጥማሉ። በሥጋ ቤቶቹ መስታወት ውስጥ የሚታየው ቋሊማ አብዛኛው የአሳማ ነው። የምንፈልጋቸው ሙስሊሞች ለብዙ መቶ ዓመታት ከዚህ ሁሉ ጋር ጎረቤት ሆነው መኖራቸውን ከወዲሁ ልብ እንበል።

ፖላንዳውያን ለምን ተሰደዱ? አገራቸው በ1772፣ በ1793 እና በ1795 በሩሲያ፣ በፕሩሲያና በኦስትሪያ ተከፋፍላ ከካርታ ጠፋች፤ ነጻነቷን ያገኘችው በ1918 ነው። በመካከሉ የገበሬው መሬት ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል ጠበበ፣ ድህነትም በረታ። ሰዎቹ ጉዟቸውን "ለዳቦ" ብለው ይጠሩታል፤ እኛ "እንጀራ ፍለጋ" እንደምንለው መሆኑ ነው። አሜሪካ ሲደርሱም የራሳቸው መንግሥት ስላልነበራቸው ብዙዎቹ በወደብ መዝገብ ላይ ሩሲያዊ፣ ጀርመናዊ ወይም ኦስትሪያዊ ተብለው ተጻፉ። አሜሪካ በ1924 ባወጣችው ሕግ የመግቢያውን በር አጠበበች። ከ1939ኙ ጦርነት በኋላ ሌላ የስደት ማዕበል መጣ። በታኅሣሥ 1981 በፖላንድ ወታደራዊ ሕግ ሲታወጅ ደግሞ ሌላ ተከተለ።

እነዚህ ሰዎች ማንነታቸውን ለማቆየት የተጠቀሙበት ዘዴ ለሁላችንም ትምህርት ይሆናል። ልጆቻቸው በአዘቦት ቀን የአሜሪካ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ቅዳሜ ደግሞ በፖላንድኛ ቋንቋና ታሪክ ይማራሉ። በ1971 በኒው ዮርክ የራሳቸውን ጋዜጣ ጀመሩ። ቤት መግዣ ብድር ማግኘት ሲቸግራቸው በ1970ዎቹ ግሪንፖይንት ውስጥ የቁጠባና ብድር ማኅበር አቋቋሙ። ሃይማኖቱ፣ ትምህርቱ፣ ወሬውና ገንዘቡ በአንድ ሰፈር ተገናኙ።

ፓወርስ ጎዳና

አሁን ማንሃተን አቬኑን ይዘን ወደ ደቡብ እንውረድ። ማካረን መናፈሻን ወደ ኋላ ትተን፣ በድልድይ ላይ የተዘረጋውን ፈጣን አውራ ጎዳና ሥር ለሥር አልፈን ዊልያምስበርግ እንገባለን። ከጥቂት መንገዶች በኋላ ፓወርስ የተባለችው ጸጥ ያለች ጎዳና ትመጣለች። በቁጥር 104 ላይ ከመኖሪያ ቤቶቹ መካከል አንድ የእንጨት ሕንፃ ቆሟል። ቸኩሎ የሚያልፍ መንገደኛ ቤተ ክርስቲያን ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ጥንት የፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን ነበርና። ቀና ብሎ ያየ ግን በትንሿ ማማ ጫፍ ላይ ጨረቃዋን ያያል። ቤቱ መስጊድ ነው።

የመስጊዱ ባለቤቶች ታታሮች ናቸው። በ1907 ከፖላንድ፣ ከሊቱዌኒያና ከቤላሩስ የመጡ ታታሮች በብሩክሊን ማኅበር መሠረቱ። በኒው ዮርክ የመጀመሪያው የሙስሊሞች ድርጅት ይኸው እንደሆነ ይታመናል። ሕንፃውን የገዙት ግን ወደ 1930 ገደማ ነው። ሠርቶ አዳሪ ስደተኞች ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቀውና ቆጥበው የአላህን ቤት በስማቸው አስመዘገቡ።

ከወዴት መጡ?

የታታሮች ታሪክ የሚጀምረው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። የሊቱዌኒያው ታላቅ መስፍን ቪታውታስ ከወርቃማው ሆርድ ግዛት የመጡ ታታሮችን በአገሩ አሰፈረ፤ መሬት ሰጥቶ ወታደር አደረጋቸው፣ በሃይማኖታቸውም እንዲኖሩ ፈቀደ። በ1410 በግሩንዋልድ በተደረገው ታላቅ ጦርነት የታታር ፈረሰኞች ከፖላንድና ከሊቱዌኒያ ጦር ጋር ተሰልፈዋል።

ኑሮው ሁልጊዜ የተመቸ አልነበረም። ደመወዛቸው ሲቀርና መብታቸው ሲጠብ በ1672 ብዙዎቹ አምፀው ወደ ኦቶማኖች ገቡ። ንጉሥ ያን 3ኛ ሶቢየስኪ በ1679 ባልተከፈለ ደመወዝ ፈንታ በሰሜን ምሥራቅ ፖላንድ መንደሮች ሰጣቸው። ከእነዚህም ክሩሺንያኒና ቦሆኒኪ ይገኙበታል። በሁለቱ መንደሮች ያሉት የእንጨት መስጊዶች ዛሬም ቆመዋል፤ ሶላትም ይሰገድባቸዋል። ከጦርነት ውጭ ታታሮቹ የሚታወቁት በቆዳ ማልፋትና በአትክልት ልማት ነበር።

የክሩሺንያኒን ወጥ ቤት የጎበኘ እንግዳ በስስ ሊጥ ንብርብሮች መካከል ሥጋ ገብቶበት፣ እንደ ቀንድ አውጣ ተጠምዝሞ የሚጋገረውን ፒየረካቼቭኒክ ይቀምሳል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ምግብ በ2009 በባህላዊ ምግብነት መዝግቦታል። ስሞቻቸውም ሁለቱን ዓለም ያጣመሩ ናቸው፦ አህማቶቪች የሚለው የቤተሰብ ስም መነሻው ሙስሊም፣ መድረሻው ስላቭ ነው።

ቋንቋው ሲጠፋ

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ ታሪክ እጅግ የሚያስደንቀው ቀጥሎ የምንነግራችሁ ነው። እነዚህ ሰዎች ከሰፈሩ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የታታር ቋንቋቸውን ረሱ። በቤታቸው የሚነገረው ቤላሩስኛና ፖላንድኛ ሆነ። ቋንቋው የጠፋበት፣ በካቶሊክና በኦርቶዶክስ ሕዝብ የተከበበ፣ ከሙስሊሙ ዓለም የራቀ ትንሽ ማኅበረሰብ እምነቱን እንዴት ያቆያል?

መልሱ በብዕር ነው። ዐዋቂዎቻቸው "ኪታብ" የሚሏቸውን መጻሕፍት ጻፉ። ፊደሉ ዐረብኛ፣ ቋንቋው ግን ቤላሩስኛና ፖላንድኛ ነበር። በዐረብኛ ለሌሉት ድምፆች በፊደላቱ ላይ ነጥብ ጨመሩ። የነቢያትን ታሪክ፣ የሶላትን ሥርዓትና ምክርን ልጅ በሚሰማው ቋንቋ አስቀመጡ፤ የቁርኣንንም ትርጉም ከዐረብኛው ሥር በፖላንድኛ ጻፉ። እናት ለልጇ የምታነበው፣ አያትም ለልጅ ልጁ የሚያስረዳው ነገር አገኙ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? የወሎ ዑለማኦች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ጽፈው መንዙማና ትምህርት ያስተላለፉበት የዐጀሚ ጥበብ ይኸው አይደለምን? ወሎና ክሩሺንያኒ ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት መፍትሔ አገኙ። ዲን ሰው በሚናገረው ቋንቋ ካልተነገረው ከአያቱ ጋር እንደሚቀበር ሁለቱም ተረድተው ነበር።

ሌላው ጠባቂያቸው ድርጅት ነበር። ፖላንድ ነጻ ከወጣች በኋላ በ1925 የሙስሊሞች ኅብረት መሥርተው ያኩብ ሺንኪየቪችን ሙፍቲ አድርገው መረጡ፤ በ1936 የፖላንድ ፓርላማ በሕግ አወቃቸው። ከዚያ ጦርነት መጣ። ከጦርነቱ በኋላ ድንበሩ ሲቀየር አብዛኞቹ የታታር መንደሮችና መስጊዶች በሶቪየት ኅብረት ወሰን ውስጥ ቀሩ። ሙፍቲውም ተሰደዱ፦ በመጀመሪያ ወደ ግብፅ፣ ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ሄደው በ1966 በኮነቲከት ግዛት ዐረፉ። ዛሬ በፖላንድ የሚኖሩት ታታሮች ቁጥር ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ነው።

ዝግ በር

ወደ ፓወርስ ጎዳና እንመለስ። ከመስጊዱ ፊት ብንቆም በሩን ክፍት የማግኘት ዕድላችን አነስተኛ ነው። የሚከፈተው በዓመት ለጥቂት ጊዜያት፣ በተለይም ለዒድ በዓላት ነው። ልጆቹ አድገው፣ ተምረው፣ ከብሩክሊን ርቀው ሰፍረዋል። የግሪንፖይንት ካቶሊኮች በ1980ዎቹ ከአገር ቤት አዲስ ሰው ሲመጣላቸው፣ የታታሮቹ መንደሮች ግን የሚልኩት ብዙ ሰው አልነበራቸውም። ቤቱ ቆመ፤ ሰፈሩ ተበተነ።

ይህን ስንጽፍ ለመውቀስ አይደለም። በሳምንት ስድስት ቀን ሲሠሩ ኖረው ለልጆቻቸው መስጊድ የገዙ አባቶችን ማን ይወቅሳል? አላህ ሥራቸውን ይቀበላቸው። ጥያቄው የእኛ ነው። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገራት ይኖራሉ። በዋሽንግተን ዲሲ ወገኖቻችን ያቋቋሙት ድርጅት ፈርስት ሂጅራ የሚል ስም ይዟል፤ የመጀመሪያዎቹ ስደተኛ ሶሓቦች ሐበሻ የገቡበትን ጉዞ ለማስታወስ ነው። ሕንፃ መግዛት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከሁለት ትውልድ በኋላ የሕንፃውን በር የሚከፍተው ማነው?

የታታሮቹ ታሪክ ሁለት መልስ ይሰጠናል። በፖላንድ መንደሮች ቋንቋው ጠፍቶ እምነቱ ቀረ፤ ምክንያቱም መጽሐፉ ልጁ ወደሚሰማው ቋንቋ መጣለት፣ ጎረቤቱም አብሮት ሰገደ። በብሩክሊን ሕንፃው ቀረ፤ ሰጋጁ ግን ተራራቀ። እንግዲህ ልጁ አማርኛ የማይሰማ አባት በእንግሊዝኛ ወይም በስዊድንኛ ቢያስረዳው ምን ያፍራል? በሳምንት አንድ ቀን ልጆችን ሰብስቦ የሚያስቀራ፣ ከመስጊድ ሳይርቅ ቤት የሚከራይ ቤተሰብስ ከግድግዳው ይልቅ መሠረቱን እየጣለ አይደለምን?

እናንተ ወጣቶች ሆይ! አያቶቻችሁ የሚያውቁትን ዛሬውኑ ጠይቁ፤ በምትችሉት ቋንቋም ጻፉት። የታታሮቹ ኪታቦች የተጻፉት በነገሥታት ትእዛዝ ሳይሆን፣ ልጆቻቸው እንዳይጠፉባቸው በፈሩ ሰዎች እጅ ነው።

አላህ ዘሮቻችንን በሄዱበት ሁሉ ይጠብቅልን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።