የብረቱ ልጅና አያቴ

በሃያ ሁለት ዓመቴ የሥዕል ታሪክ መጽሔት ይዤ ማልቀሴን ብናገር የዶርሜ ልጆች ሴሚስተሩን ሙሉ እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። ይሳቁ። ደግሞም አላለቀስኩም፤ ዓይኔን አሸት አሸት አድርጌ መጽሐፉን ከደንኩት እንጂ። ፈተና ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ማንበብ የነበረብኝ የሥነ ጽሑፍ ሂስ ነው። እኔ ግን አንድ ጓደኛዬ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ያመጣውን፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የአሜሪካኖች የሥዕል ታሪክ ጥራዝ ሳገላብጥ አመሸሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ30ኛው ክፍለ ዘመን፣ ማለትም ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ከየፕላኔቱ የተሰባሰቡ ወጣቶች አንድ ማኅበር አላቸው። ሊጅን ኦቭ ሱፐርሂሮስ ይባላል፤ የኃያላን ጭፍራ ብንለው ያስኬዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩት እ.ኤ.አ. በ1958 በወጣው አድቬንቸር ኮሚክስ ቁጥር 247 ላይ ነው። ያን ጊዜ ሦስት ነበሩ፦ አንዱ መብረቅ ይወረውራል፣ አንዷ የሰው ሐሳብ ታነባለች፣ አንዱ እንደ ማግኔት ብረት ይስባል። እያደር በዙ። እዚህ ላይ «የልጅ ጨዋታ!» ብዬ መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁም፤ ምክንያቱም ከመካከላቸው አንድ ፊቱን የማያሳይ ልጅ ነበረ።

ፌሮ ላድ ይሉታል። የብረት ልጅ ማለት ነው። የቤት ስሙ አንድሩ ኖላን ነው። ሲፈልግ መላ ሰውነቱን ብረት ያደርጋል፤ ጥይት ይመልሳል፣ ግንብ ይደረምሳል። ፊቱን ግን ሁልጊዜ በጭምብል እንደሸፈነ ነው። ታሪኩ የሚሰጠን ምክንያት ከተፈጥሮው ፊቱ የተበላሸ ነው የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1966 በቁጥር 346 ማኅበሩን ተቀላቀለ፤ በፌብሩዋሪ 1967 በቁጥር 353 ሞተ። ሰባት ወር ብቻ!

አሟሟቱን ልንገራችሁ። ፀሐይን የሚውጥ አንድ ግዙፍ ደመና መሰል ፍጡር ወደ እኛ ፀሐይ ይመጣል። አብዛኞቹ ጀግኖች በቦታው ስለሌሉ የቀሩት ጥቂቶች ቸገራቸውና አምስት የታወቁ ወንጀለኞችን «እርዱን» ብለው ለመኑ። ከወንጀለኞቹ አንዱ ፍጡሩን የሚያጠፋ ቦምብ ሠራ። ጥያቄው ማን ያድርሰው ነው፤ ወደ ፍጡሩ እምብርት የገባ አይወጣም። ሱፐርቦይ «እኔ አለሁ» አለ፤ ግን ጉልበቱ ከድቶታል። ይሄኔ ያ ጭምብላሙ ልጅ ቦምቡን ነጥቆ በረረ። ፀሐይዋ ዳነች፤ እሱ አልተመለሰም። በዚያ ዘመን የሥዕል ታሪክ ጀግና ቢወድቅም ይነሣል እንጂ እንዲህ ሞቶ አይቀርም ነበር።

እስከዚህ ድረስ አላስለቀሰኝም። ጉዱ የመጣው ስለ ደራሲው ሳነብ ነው።

ጂም ሹተር እ.ኤ.አ. በ1951 ፒትስበርግ ተወለደ። ቤተሰቡ ገንዘብ ስለቸገረው በ13 ዓመቱ ታሪክ ጽፎ፣ ሥዕሉን በእርሳስ ነድፎ ለአሳታሚው ላከ። አዘጋጁ ሞርት ዋይሲንገር ተቀበለው። ፌሮ ላድ ሲታተም ልጁ ገና 14 ዓመቱ ነው። እንግዲህ ሹተር በኋላ እንደተናገረው፣ ከጭምብሉ ሥር ያሰበው የተበላሸ ፊት አልነበረም። የጥቁር ልጅ ፊት ነበር። አዘጋጁ እምቢ አለ፤ እንዲህ ያለ ነገር ብናወጣ በደቡብ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች መጽሔታችንን የሚያከፋፍልልን እናጣለን ብሎ።

እስቲ አስቡት። በዚያ ማኅበር ውስጥ ቆዳው አረንጓዴ የሆነ ሊቅ አለ። ብርቱካንማ ቀለም ያለው፣ ግንባሩ ላይ አንቴና የበቀለበት፣ የፈለገውን የሚመስል ልጅ አለ። አረንጓዴና ብርቱካንማ ያለ ችግር ተከፋፍሏል። ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት በኋላ የሚኖር አንድ ጥቁር ልጅ ግን ለ1966 ገበያ ከበደ! የመጀመሪያው ጥቁር አባል ታይሮክ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ እሱም ቢሆን ጥቁሮች ተለይተው ከሚኖሩባት አንዲት ደሴት።

መጽሐፉን የከደንኩት እዚህ ላይ ነው። ጭምብሉን አውቀዋለሁ። እኔም አንድ ሰፍቻለሁ።

አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። ቤታቸው ከመንደሩ ትንሽ ገለል ብሎ ነው። ለክረምት ስንሄድ ወናፍ መንፋት ለእኔ ይሰጠኛል፤ እሳቸው ብረቱን በጉጠት ይዘው በመዶሻ ሲያወርዱበት ፍንጣሪው እንደ ኮከብ ይረጫል። ያገሩ ገበሬ ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ምሣሩን ይዞ ይመጣል፤ ደጃፍ ቆሞ ያሠራል፣ ዋጋውን ይከፍላል፣ ይሄዳል። ገብቶ ግን ቡና አይጠጣም። ልጆቹንም «ቀጥቃጩ ሲያልፍ እንጀራችሁን ሸፍኑ» ይላቸዋል፤ ዓይናቸው ይበላል ተብሎ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሳደብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ወደ እኛ መንደር ሲመጣ መንገድ ላይ ደክሞት ቀርቷል መሰለኝ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ስለ አያቴ አንድ ጽሑፍ ጻፍኩ። የክበቡ ኃላፊ የነበሩት መምህር አነበቡት፤ ወደዱት። «ቆንጆ ነው፤ ግን ቀጥቃጭ የሚለውን ተወው። ልጆቹ ያሾፉብሃል፤ ምን በወጣህ? ገበሬ በለው» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ለእኔ አስበው ነው። ዋይሲንገርም ለመጽሔቱ አስቦ ነው። እኔም እዚያው ቆሜ እስክሪብቶዬን አወጣሁና ቀጥቃጭን ሰርዤ ገበሬ አልኩ፤ ወናፉን በሬ፣ መዶሻውን ጅራፍ አደረግሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በማግስቱ በድምፅ ማጉያው አነበብኩት፤ ተጨበጨበ።

በዚያው ዓመት አያቴ ሊታከሙ ከተማ መጡ። አባቴ ኩራት ብጤ ይዞት «ስለ አንተ የጻፈውን ላንብብልህ» አላቸው። «ተው አባዬ» ብል ማን ሰምቶኝ! ወረቀቱን ከደብተሬ መሃል አውጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ። ገበሬ የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ትንሽ ቀነሰ፤ ግን አላቆመም። አያቴ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ዝም ብለው ሰሙ። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞሩና፣

«ጎበዝ ልጄ» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ግን ለዚህ ሰውዬ ማረሻውን ማን ሠራለት?» ብለው ጠየቁ።

መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም አልጠበቁም፤ ውሃ አምጡልኝ አሉ። በሁለተኛው ዓመት አረፉ።

ሹተር ትልቅ ሰው ሆኖ፣ የማርቭል ዋና አዘጋጅ እስከመሆን ደርሶ፣ ያ ልጅ ጥቁር ነበር ብሎ ተናገረ። እ.ኤ.አ. በ2025 ነው የሞተው። ቢያንስ በአፉ ተናግሮለታል። የታተመው ግን የታተመ ነው፤ ቁጥር 353 ላይ ልጁ ዛሬም ጭምብሉን እንዳጠለቀ ወደ እሳቱ ይገባል። በአሥራ አራት ዓመቱ ሹተር ምን ማድረግ ይችል ነበር? ቤት የሚጠብቀው ችግር አለ፤ አዘጋጁ ደግሞ ትልቅ ሰው ነው። አልፈርድበትም። እኔ ግን ያን ቀን ቤቴ አልተራበም። የፈራሁት ሳቅን ነው። ስለዚህ የእኔን ጭምብል ለመምህሩ ልሰጣቸው አልችልም፤ እስክሪብቶው በእኔ እጅ ነበር።

ይህን የምጽፈው ያንን ወረቀት ለማረም ነው። አያቴ ገበሬ አልነበሩም። ቀጥቃጭ ነበሩ፤ የአገሩን ማረሻ ሁሉ የሠሩት እሳቸው ናቸው። አዘጋጆች ሆይ፣ ፊደል ብገድፍ አርሙልኝ፣ ቢረዝምባችሁ ከላይ ከላዩ ቁረጡልኝ። ያቺን አንድ ቃል ግን እንዳለች ተዉልኝ።