ከአንድ ሺህ ብር የማይበልጥ

በሽብር ተጠርጥሮ ታስሮ የተፈታ ሰው አየር ጤና ቤቱ ሲገባ ቡና ይፈላል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። «እንኳን ለቤትህ አበቃህ፤ ዋናው ጤና ነው» ይባላል። ሱቁ ተዘግቶ ከርሟል፤ እቁቡ ተቋርጧል፤ ባለቤቱ ወርቋን ሸጣ ጠበቃ ከፍላለች። «ይህን ሁሉ ማን ይክሰኛል?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ቤቱ ዝም ይላል። ስለተፈታ ብቻ የተከፈለው ይመስላል።

*

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 9 ንዑስ 5 ከሕግ ውጭ የተያዘ ወይም የታሰረ ሰው ካሳ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 9 ንዑስ 4 የተቀበልነውን ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርገዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2040 ሰውን ያለ ሕጋዊ ሥልጣን ለአጭር ጊዜም ቢሆን እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ መከልከል ጥፋት ነው ይላል። ለአጭር ጊዜም ቢሆን!

ችግሩ ሂሳቡ ላይ ነው። ያው ሕግ በቁጥር 2116 ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከአንድ ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። ጃንሆይ በነበሩበት ዘመን አንድ ሺህ ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ ከአየር ጤና ቂሊንጦ እስር ቤት ስንቅ የምታመላልስ እናት በጥቂት ጉዞ ትጨርሰዋለች፤ ያውም ስንቁን ሳንቆጥር። ለጠፋ ንብረትና ለቀረ ገቢ ያለው ካሳ ጣሪያ የለውም፤ ግን ለዚያ ደረሰኝ ይጠየቃል። ከጨለማ ክፍል ደረሰኝ ይዞ የወጣ ሰው አላውቅም።

*

ቁጥር 2126ንና 2127ን አንድ ላይ ያነበበ ሰው ፈገግ ሊል ይችላል። መንግሥት የሚክሰው ሠራተኛው ያጠፋው በሥራ ምክንያት ሲሆን ነው። የሥራ ጥፋት የሚባለው ደግሞ ሠራተኛው በቅን ልቡና፣ በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ሆኖ፣ ለመንግሥት ጥቅም የሠራ መስሎት ያደረገው ነው። ስለዚህ መንግሥትን ለማስከፈል የፈለገ ታሳሪ መርማሪው ቅን ሰው ነበር ብሎ መከራከር ይኖርበታል። «ክፉ ነበር፣ ሆን ብሎ ነው የገረፈኝ» ካለ ጥፋቱ የግል ይሆንና ዕዳው ከመርማሪው ደመወዝ ላይ ይፈለጋል።

*

የካሳ ክሱ የሚቀርበው በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ቁጥር 2143። ሚያዝያ 2006 የታሰሩትን የዞን 9 ጦማሪዎችና ጋዜጠኞች ውሰዱ። ከመካከላቸው አምስቱ፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ አዲስ አበባ ሊገቡ ሳምንታት ሲቀሩ፣ ሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ተለቀቁ። ሌሎቹን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ጠየቀ፤ ጉዳዩ እስከ 2010 ተጎተተ። በእነዚያ ዓመታት ማን ደፍሮ መንግሥትን ካሳ ይጠይቃል? ጥያቄ አቅራቢው እንደገና ተጠርጣሪ ላለመሆኑ ምን ዋስትና ነበረው? ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከ2 ዓመት ከረዘመ የካሳውም ጊዜ አብሮ ይረዝማል። ወንጀሉን የሚከስሰው ግን ያው ዐቃቤ ሕግ ነው።

*

በነጻ መሰናበትም ሁልጊዜ በር አያስከፍትም። ነሐሴ 2007 በሽብር የተከሰሱት ተቃዋሚ ፖለቲከኞች ሀብታሙ አያሌው፣ ዳንኤል ሺበሺ፣ የሺዋስ አሰፋና አብርሃ ደስታ በልደታው ችሎት ነጻ ተብለው ይግባኝ ስለተጠየቀባቸው ለወራት እስር ቤት ቆዩ።

*

ከሁሉ የሚከብደኝ የይቅርታው ሥርዓት ነው። የተበደለው ሰው ይቅርታ ጠያቂ፣ የበደለው አካል ይቅርታ አድራጊ ይሆናል። በ2003 የታሰሩት ሁለቱ የስዊድን ጋዜጠኞች በዚሁ መንገድ ወጡ። ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋ በ2010 በአሸባሪነት የተፈረጀው ግንቦት 7 አባል ነበርኩ የሚል ቅጽ ላይ ፈርም ቢባል እምቢ አለ። የኋላ ኋላ የካቲት 7 ሳይፈርም ተፈታ። የፈረሙትን አልወቅስም፤ ልጅ ያለው ሰው ይፈርማል። ግን አንዴ ይቅርታ ከጠየቅህ በኋላ ካሳ የምትጠይቀው በምን አፍህ ነው?

*

በሽብር ጠርጥረው ላሰሩት ሰው ካሳ ከተከፈለበት ታሪክ አንዱ የአገራችን ልጅ ታሪክ ነው፤ ከፋዩ ግን እንግሊዝ ናት። ቢንያም መሐመድ ኢትዮጵያ ተወልዶ እንግሊዝ ጥገኝነት ጠይቆ ይኖር ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. ካራቺ ላይ ተይዞ ወደ ሞሮኮ፣ ከዚያ ወደ አፍጋኒስታን፣ በመጨረሻም ወደ ጓንታናሞ ተወሰደ። የቀረበበት ክስ ተነሥቶ በየካቲት 2009 እ.ኤ.አ. ተለቀቀ። በኅዳር 2010 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መንግሥት ከእሱና ከሌሎች የቀድሞ የጓንታናሞ እስረኞች ጋር በገንዘብ ተስማማ። ጥፋቱን አላመነም፤ መጠኑንም አልገለጸም። ካናዳ ትሻላለች፤ ወደ ሶርያ ተላልፎ ለተሰቃየው ማኸር አራር በ2007 እ.ኤ.አ. 10.5 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ይቅርታ ጋር ከፈለች።

የኛ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሰኔ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ምክር ቤት ቀርበው ሰውን ጨለማ ቤት ማጎርና ማሰቃየት የመንግሥት የሽብር ሥራ እንደነበር ተናገሩ። እንግሊዝ ሳታምን ከፈለች፤ እኛ አምነን አልከፈልንም።

*

ከሰፈራችን ብዙም ሳይርቅ፣ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር፣ ኔልሰን ማንዴላ በ1962 እ.ኤ.አ. የጦር ትምህርት ወስዷል። አገሩ ሲመለስ ታሰረ። ስሙ ከአሜሪካ የአሸባሪዎች መዝገብ የተፋቀው በ2008 እ.ኤ.አ.፣ ከፕሬዚዳንትነት ከወረደ ከዓመታት በኋላ ነው። የእሱ አገር የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ለመዘገባቸው ተጎጂዎች የተከፈለው 30 ሺህ ራንድ፣ ያውም አንዴ ብቻ ነው። ብዙዎቹ አንሷል ብለው ተቆጡ። የሚቆጡበት ቁጥር ማግኘታቸውም ቀላል ነገር አይደለም።

*

«ያለ ነገርማ አይወስዱትም።» ይህን የሚለው ካድሬ አይደለም፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ አጠገባችን የቆመው ሰው ነው። ቤት አከራዩም ይለዋል፣ ቀጣሪውም ይለዋል። መንግሥት ተሳስቻለሁ ብሎ ካልከፈለ ሰፈሩ ጥርጣሬውን አይተውም። ለዚህ ነው ካሳን የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አድርገው የሚያዩትን የማልሰማቸው።

*

ሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ካሳን ከአምዶቹ አንዱ አድርጎታል። ለዝርዝሩ የሚወጡትን ሕጎች ለምታዘጋጁ ባለሙያዎች አንድ ልመና አለኝ፦ ተጎጂ ስትሉ የተገደለውንና የተፈናቀለውን ብቻ አትቁጠሩ፤ መዝገቡ ተዘግቶ «ሂድ» የተባለውንም ጻፉት። የሞራል ካሳውን ጣሪያም በዚያው አንሡት።

የታሰራችሁና የተፈታችሁ ደግሞ ወረቀታችሁን አትጣሉ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ግልባጭ፣ የመፈቻ ደብዳቤ፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የተዘጋው ሱቅ ንግድ ፈቃድ፣ የጠበቃ ክፍያ ደረሰኝ፣ ሁሉንም ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ሰው ዘንድ አስቀምጡ። የካሳ ቀን ከመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።