ብርድና ቁጠባ

ደብረ ብርሃን የኖረ ሰው ያውቀዋል። የእኛ ብርድ የሚብሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጭ ነው። ዘንድሮም ስለጀመረ፣ ለብዙ ሰው ያላወራሁትን ልናገር።

የዛሬ 3 ዓመት ታኅሣሥ ላይ ልጃችን ገና የ4 ወር ጨቅላ ነበረች። የተከራየናት ክፍል ኮርኒስ የላትም፣ ከላይ ቆርቆሮ ብቻ። መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ምድጃ ነበር የምናሞቃት። ቁጭ ብዬ አሰላሁት፦ 1500 ዋት ምድጃ በቀን 4 ሰዓት ሲበራ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 180። ታሪፉ ደግሞ ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር ይጨምራል። በመምህር ደመወዝ የሚሆን አይደለም። "በቃ ከሰል ይሻላል" አልኩ።

ሙቀቱ እንዳይወጣ ብዬ የበሩን ስር በጨርቅ ጠቀጠቅኩ፣ የመስኮቱን ክፍተት በጋዜጣ ለጠፍኩ። ማንደጃውን ደጅ አቀጣጥዬ ፍም ሲሆን አስገባሁት። ባለቤቴ ፈራ ተባ ስትል "ጭሱ እኮ ወጥቷል፣ ችግር የለውም" አልኳት።

ሌሊት ልጅቷን ልታጠባ ስትነሳ ወደቀች። ድምፁ ቀሰቀሰኝ። ራሴ ሊፈነዳ ደርሷል፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። እየዳህኩ ሄጄ በሩን ከፈትኩት። አከራያችን ጩኸት ሰምተው ወጡ፣ ልጅቷን በጋቢያቸው ጠቅልለው ይዘዋት ሮጡ። ሆስፒታል ኦክስጅን ተሰጥቶን፣ ተመስገን፣ ሦስታችንም ተረፍን።

በነጋታው እትዬ "የኔ ልጅ፣ አንተ አስተማሪ አይደለህ እንዴ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የማስተምረው ኬሚስትሪ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም እንደሌለው፣ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል እንደሚጣበቅ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ጭስ የሌለው ፍምም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። ክፍተት መድፈን ጥሩ ቁጠባ ነው፤ ከከሰል ጋር ሲሆን ግን ራስን ማፈን ነው።

አሁን የምናደርገው ይኸው ነው። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተን ኮርኒስ አበጀን፤ ትልቁን ለውጥ ያመጣው እሱ ነው። ቀን መጋረጃውን ገልጠን ፀሐይ እናስገባለን፣ 10 ሰዓት ላይ መስኮቱን እንዘጋለን። ማታ ለብ ያለ ውኃ በጠርሙስ ሞልተን፣ በጨርቅ ጠቅልለን እግራችን ሥር እናስገባለን። ከላይ የመንዝ ባና። ክፍተቱን አሁንም እንደፍናለን፤ ከሰል ግን ለቡና ብቻ፣ ያውም ደጅ።

ልጆች፣ በተለይ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ፣ አደራ! ከሰል ባለበት ቤት ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ካዞራችሁ ወይም ካቅለሸለሻችሁ "ብርድ መትቶኝ ነው" ብላችሁ አትተኙ። መጀመሪያ ውጡ፣ ሌላውንም አስወጡ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት።

ያን ወር ከመብራት ሂሳብ ያተረፍኩትን ብር ዛሬ አላስታውሰውም። ባለቤቴ ስትወድቅ የተሰማውን ድምፅ ግን አልረሳውም።

መልካም ምሽት፣ ሙቅ ሌሊት ይሁንላችሁ።