የጾመች መስሎን ነበር

ውድ አንባቢ፣ ይህን ታሪክ የምጽፍልህ ታናሽ እህቴ ፈቅዳልኝ ነው። ስሟን እንዳልጠራ ስለ ለመነችኝ አልጠራውም። ጽሑፉንም ከመላኬ በፊት አንብባው ሁለት ቦታ ላይ፣ “እትዬ፣ ይሄን አውጪው” አለችኝ፤ አውጥቼዋለሁ። የቀረው እንዲህ ነው።

የምንኖረው ለንደን ነው። እኔ ከመጣሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ እርሷ ከአዲስ አበባ የመጣችው በሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ስሟ በመልካም የሚነሣ ልጅ ነበረች። የጾም ጸሎት በታወጀ ቁጥር ከሁሉ ቀድማ የምትገባው እርሷ ናት። ችግሩ አዋጁ ሲያበቃ እርሷ አለማብቃቷ ነበር። ሦስት ቀን ተብሎ ሲጀመር የእርሷ ሰባት ይሆናል፤ ሰባት ሲባል ሃያ አንድ። እህቶች “ይህች ልጅ የጸሎት ሰው ናት” ሲሉኝ ምን ይሰማኝ ነበር መሰላችሁ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኮራ ነበር።

ለመሆኑ እንዴት ሳላይ ቀረሁ? እናንተም ይህን ሳትጠይቁ አትቀሩም። አንደኛ፣ እኛ በትሪ ነው የምንበላው። አምስት ሰው በአንድ ትሪ ሲቀርብ ማን ምን ያህል እንደ በላ የሚቆጥር የለም። እርሷ እጇን ታስገባለች፣ እንጀራውን ትቆርሳለች፣ ወጡን ነካ ታደርጋለች፣ ለልጆቼ ታጎርሳለች፤ ትሪው ሲነሣ ሁላችንም የበላን ይመስላል። ደግሞም ከእርሷ የበለጠ ምግብ የሚወድድ ያለ አይመስልም ነበር። እሑድ ከፕሮግራም በኋላ ለሚቀርበው ምግብ ዶሮ ወጡን የምትሠራው እርሷ ናት። ጨው ለመቅመስ ግን ሌላ ሰው ትጠራለች። ይህን ያስተዋልኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው!

ከዚያ ሌላው ነገር አንድ በአንድ ታየኝ። በሐምሌ ሙቀት ሹራብ ትለብሳለች። ጸጉሯ የመታጠቢያውን ቧንቧ ይደፍናል። ከምግብ በኋላ መታጠቢያ ቤት ትገባና ውኃው ረጅም ጊዜ ይፈስሳል። እጇን ስይዘው እንደ በረዶ ነው። በፈረንጆች 2022 መጨረሻ ላይ፣ አንድ እሑድ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ድስት ይዛ እንደ ቆመች ወደቀች።

መጀመሪያ ያደረግነውን ስናገር አፍራለሁ። የጾም ጸሎት አወጅንላት! በምግብ እጦት ለወደቀች ልጅ ጾም አወጅንላት፤ እርሷም አብራን ጾመች። አንዳንዶች መንፈስ ነው አሉ። እኔ ጌታ ይፈውሳል ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም አምናለሁ። ነገር ግን ያን ሳምንት ሁላችንም ተንበርክከን ሳለ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ “ይህች ልጅ ዛሬ ምን ቀምሳለች?” ብሎ አልጠየቀም። እኔም ታላቅ እህቷ አልጠየቅኩም።

ወደ ቤተሰብ ሐኪም እንድትሄድ ለመንኳት። በዚህ አገር ሰው በቀጥታ ወደ ስፔሻሊስት አይሄድም፤ ጂፒ የምንለው የቤተሰብ ሐኪም አይቶ በደብዳቤ ይልካል። ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላውን ሰው ደግሞ እናትም ትሁን እህት ጎትታ አትወስደውም። ሕይወቱ አደጋ ላይ ሲሆን ያለ ፈቃዱ ሆስፒታል የሚያስገባ ሕግ አለ፤ ነገር ግን የመጨረሻው በር ነው። እህቴ ሄደችና ለሐኪሙ “ይደክመኛል” አለችው። ደም ተመርምራ የአይረን ክኒን ይዛ ተመለሰች። አልዋሸችም፤ በእርግጥም ይደክማታል። ዋናውን ግን አልተናገረችም።

እኔ ክሊኒኩ ደወልኩ። ስለ እርሷ ሊነግሩን እንደማይችሉ ነገሩኝ፤ ተስፋ ቆርጬ ዘጋሁት። በሌላ ቀን አንዲት ነርስ ስልኩን አነሣችና “እኛ ስለ እርሷ ልንነግርሽ አንችልም፤ አንቺ የምትነግሪንን ግን መስማት እንችላለን” አለችኝ። ውድ አንባቢ፣ እባክህ ይህችን ነገር ያዝልኝ። ምስጢር መጠበቅ አለባቸው፤ መስማት ግን አልተከለከሉም። ያን ማታ ለሐኪሙ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ጸጉሩን፣ ውኃውን፣ ሹራቡን፣ መውደቋን፣ ሁሉንም። ለእርሷም እንደ ጻፍኩ ነገርኳት። ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሬያት ገባሁ። ሐኪሙ በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ሆነ። ክብደቷን፣ የልብ ምቷን፣ የደም ግፊቷን ተቀምጣም ቆማም ለካ። ቁጢጥ ብላ እጇን ሳትደግፍ እንድትነሣ ጠየቃት፤ አልቻለችም። የልብ ምርመራ፣ ፖታሲየምና ፎስፌት አዘዘ። ከዚያ በቀስታ፣ “የምትበዪውን ትመልሻለሽ?” አላት። እህቴ መሬት መሬት እያየች “አዎን” አለች። እኔ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ለአዋቂዎች የአመጋገብ ሕመም ሕክምና ወደሚሰጥ ክፍል ተጻፈላት። እልል ልል ስል ደብዳቤው ተመለሰ፤ ክብደቷ እዚያ ለመታከም የሚያበቃ ያህል አልቀነሰም ይላል። ይህ ደብዳቤ በእንዲህ ያለ ሕመም ለተያዘ ሰው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? እህቴ ያነበበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገና አልከሳሽም። በሚቀጥሉት ሳምንታት የቀረችውን ጥቂት ምግብ እንኳ ተወች።

ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ናይስ የተባለው፣ የእንግሊዝን የሕክምና መመሪያዎች የሚያዘጋጀው ተቋም፣ በ2017 ስለዚህ ሕመም መመሪያ አውጥቷል። እዚያ ላይ ክብደትን ወይም ሕመሙ የቆየበትን ጊዜ ብቻውን ይዞ ሕክምና ይሰጥ አይሰጥ ብሎ መወሰን እንደማይገባ ተጽፏል። በዚያው ዓመት የፓርላማው እንባ ጠባቂ ያወጣውን ዘገባም አነበብኩ፤ በ2012 ዩኒቨርሲቲ በገባች በጥቂት ወራት ውስጥ ስለ ሞተችው የ19 ዓመት ተማሪ ስለ ኤቨሪል ሃርት ነው። ሞቷን ማስቀረት ይቻል እንደ ነበር ይናገራል። ዘገባውን ዘግቼ እህቴ ክፍል ገባሁ፤ መተንፈሷን ለማየት።

መመሪያውን አትሜ ለሐኪሙ ወሰድኩለት። ቅር ይለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አመሰገነኝ። የምርመራ ውጤቶቹን አያይዞ እንደገና ጻፈ፤ ተቀበሏት። ሆኖም ወረፋ አለ። ለልጆችና ለታዳጊዎች በአራት ሳምንት፣ አስቸኳይ ከሆነ በአንድ ሳምንት ሕክምና እንዲጀመር የተቀመጠ ደንብ ነበር፤ ለአዋቂዎች እኛ ስንጠብቅ እንዲህ ያለ ደንብ አልነበረም። አምስት ወር ጠበቅን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሐኪሙ በየሳምንቱ ይመዝናት፣ ደሟን ያስመረምር ነበር።

እኔማ ገንፎ በቅቤ ሠርቼ በግድ ላብላት ብዬ ነበር! ሐኪሙ ከለከለኝ። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ሲበላ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት በድንገት ይወርድና ልቡ ሊቆም ይችላል፤ ምግቡም በልክና በክትትል ነው የሚጨመረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከእስር የወጡ ረሃብተኞች ላይ የታየ ነገር ነው። ፍቅሬ ሊገድላት ይችል ነበር።

በዚያ ወራት ፓስተራችን ከባለቤታቸው ጋር ቤት መጡ። ኤልያስ በክትክታው ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን ሲለምን መልአኩ በመጀመሪያ ምን እንዳመጣለት ጠየቋት። “እንጎቻና ውኃ” አለች። “ስብከትስ?” አሏት። ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ! ከዚያ እስክትድን ድረስ ከማንኛውም ጾም እንድትቆይ፣ እኛም ስለ ጾሟ ማመስገናችንን እንድናቆም ነገሩን። ይህ ቀላል አይምሰላችሁ። በሚቀጥለው የቤተ ክርስቲያን ጾም ጊዜ ብቻዋን ምሳ ስትበላ እንባዋ ሳህኑ ላይ ይወርድ ነበር።

ሕክምናው ሲጀመር ክኒን የጠበቀ ቤተሰብ ግራ ይገባዋል። ለአኖሬክሲያ መድኃኒት ብቻውን ሕክምና አይደለም። ለአዋቂዎች ከሚሰጡት የንግግር ሕክምናዎች አንዱ ማንትራ ይባላል፤ በለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅና በሞድስሊ ሆስፒታል የተዘጋጀ ነው። ብዙውን ጊዜ ሃያ ቀጠሮ አለው፣ በየሳምንቱ፣ በሥራ ደብተር። ሕመሙ ለእርሷ ምን እንደሚያደርግላት ጻፊ ተባለች። የጻፈችውን አላሳየችኝም፤ አልጠየቅኳትምም።

እኔን የገረመኝ የምግብ ባለሙያዋ ናት። እንጀራ አታውቅም። አንድ ሙሉ እንጀራ በላስቲክ ጠቅልዬ ወስጄ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁላት፤ ቀመሰችው፣ ወደደችው፣ ከዚያ ምን ያህሉ ከስንት ወጥ ጋር ለምሳ እንደሚሆን አብረው ወሰኑ። በቀን ሦስት ምግብና ሦስት መክሰስ። ከሁሉም የከበደን ግን የመጨረሻው ትእዛዝ ነበር፤ ለጊዜው ከትሪው ትለይ፣ በራሷ ሳህን ትብላ። እናታችን በስልክ ስትሰማ፣ “እህትሽን እንደ እንግዳ ለብቻዋ ታበያታለሽ?” ብላ አለቀሰች። እንዴት አድርጌ ላስረዳት? በአማርኛ ስሙን እንኳ አላወቅሁለትም። “ሕመሙ ከትሪው ሥር ተደብቆ ነው የኖረው” አልኳት።

ሃያው ቀጠሮ ካለቀ ቆይቷል። ክብደቷ ተመልሷል፤ ሐሳቡ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም። ባለፈው ክረምት እንደገና ምሳ መዝለል ጀምራ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ራሷ ደውላ ክትትሉን አስቀጠለች። “ምን አልሽው ሐኪሙን?” አልኳት። “ሁሉንም አልኩት፣ እትዬ” አለችኝ።

ቅዳሜ ዶሮ ሠራች። ማንኪያውን አነሣች፣ ጨውን ቀመሰች፣ “ትንሽ ይቀረዋል” አለችና ጨመረች። እኔ ሽንኩርት የምልጥ መስዬ ዞርኩ። ከዚያ ሳህኗን አወጣች። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው፤ ስሟን ባታውቁም ጸልዩላት።