ወደብ የማይጠብቅ ምግብ
ከወልቂጤ ማዶ ያየሁት የእንሰት አገር

በስደት አገር ቆጮን የምናውቀው በክትፎ በኩል ነው። ምግብ ቤት ገብተን ክትፎ ካዘዝን በኋላ «ቆጮስ አለ?» ብለን እንጠይቃለን። ካለ እሰየው፤ ከሌለ በእንጀራው እንቀጥላለን። ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ በሻንጣው ጠቅልሎ ካመጣማ ለጎረቤት ሳይቀር ተቆርሶ ይታደላል። እንግዲህ በሰው አገር ቆጮ የክትፎ ሚዜ ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው።

በአገሩ ግን ሙሽራው ራሱ ነው። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሃያ ሚሊዮን ያህል ወገናችን ኑሮውን በእንሰት ላይ የመሠረተ ነው። ጉራጌው፣ ሲዳማው፣ ሐዲያው፣ ከምባታው፣ ጌዴኦው፣ ወላይታው፣ ጋሞው፣ ከፋው ሁሉ እንሰትን ያውቃል። ተክሉ በዱር በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ይበቅላል። አልምቶ፣ ዝርያ መርጦ፣ ለገበታ ያበቃው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ከአንድ የረጅም ዘመን ወዳጄ ጋር ለመስቀል ወደ ትውልድ መንደሩ ያደረግነው ጉዞ ነው። መስቀል ሲደርስ አዲስ አበባ ውስጥ ጉራጌ አይገኝም የሚባለው ቀልድ ብቻ አይደለም። በአለም ገናና በሰበታ በኩል ስንወጣ አውቶቡሱም፣ ሚኒባሱም፣ የጭነት መኪናውም ወደ አንድ አቅጣጫ ይተማል። ቱሉ ቦሎና ወሊሶ ድረስ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው ጤፍና ስንዴ ነው። ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ወልቂጤ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን። ከዚያ የጅማውን መንገድ ትተን በጉብሬ በኩል ወደ እምድብር ስናቀና ግን አገሩ መልኩን ለወጠ። አየሩ ቀዘቀዘ፤ ቤቱ ሁሉ በአረንጓዴ ግድግዳ ተከበበ።

የጉራጌን መንደር ላላየ አንባቢ በጥቂቱ ልግለጽ። መንደሩን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ሰፊ ሣር የለበሰ ጎዳና አለ፤ ጀፎረ ይሉታል። ከብት የሚግጥበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት፣ ሽማግሌ የሚሰበሰብበት፣ በበዓል ፈረስ የሚጋለብበት የጋራ ቦታ ነው። ትልልቆቹ ክብ ጎጆዎች ከጀፎረው ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። ከየጎጆው ጀርባ ያለው ጓሮ የእንሰት ነው። ከሩቅ ሙዝ ይመስላል፤ ፈረንጆችም «ሐሰተኛ ሙዝ» ይሉታል። እንሰቱ ግን ማንንም አስመስሎ አያውቅም፤ ፍሬው አይበላም፤ የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው።

የወዳጄ እናት (እርሱ በጉራጊኛ «አዶት» ይላቸዋል፤ እኔ «እማማ» አልኳቸው) ሰባን ያለፉ ቢሆኑም ጓሯቸውን ሲያስጎበኙ አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሒሳብ ሲያሳይ ነው የሚመስሉት። «ይኼ የዘንድሮ ነው፣ ልጄ። ያ የከርሞ ነው። እነዚያ ደግሞ ገና ሦስት ዓመት ይቀራቸዋል» አሉኝ። ከታች በኩል ጉልበት የማይደርሱ ችግኞች ተደርድረዋል። ችግኝ የሚገኘው ከዘር አይደለም። ያልደረሰ እንሰት ተቆርጦ፣ ሥሩ መሐሉ ተነቅሎ መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ ከእርሱ ብዙ ቡቃያ ይወጣል። ቡቃያው ከቦታ ቦታ ሁለትና ሦስት ጊዜ እየተዛወረ ያድጋል።

ነገሩ የገባኝ ይህን ጊዜ ነው። ስንዴም ሆነ ጤፍ የሚታጨድበት ወር አለው። ዝናቡ በዚያ ወር ካመለጠ የዓመቱ ምግብ አመለጠ። እንሰት ግን አበባ እስኪያወጣ ድረስ ቤተሰቡ በፈለገው ቀን ሊቆርጠው ይችላል። ግንዱ ውኃ ስለሚይዝ ለወራት የቆየ ድርቅ ይችላል። በደህናው ዓመት አይነኩትም፤ በክፉው ዓመት ይቆርጡታል። ተፍቆ ከጉድጓድ የገባው ቆጮም በቅጠል ተሸፍኖ እያደረ ይብላላል፤ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ ቤት ሁለት ጎተራ አለው ማለት ነው፤ አንዱ መሬት ላይ ቆሞ የሚያድግ፣ ሌላው መሬት ውስጥ የተቀበረ። እ.አ.አ. በ1997 የአሜሪካ የሳይንስ እድገት ማኅበር «ፀረ ረሃብ ዛፍ» በሚል ርዕስ ያሳተመው ጥናት ከ40 እስከ 60 እንሰት አምስትና ስድስት ነፍስ ሊመግብ እንደሚችል ይገልጻል። ያን ያህል እንሰት የሚፈልገው ቦታ አራት መቶ ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚህ አሜሪካ ብዙዎቻችን ከምናጭደው የጓሮ ሣር የማይበልጥ መሬት ነው!

ይህ ሁሉ እንሰቱ ብቻውን የሚሠራው ሥራ አይደለም። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ገንቢ ምግብነቱ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ጎመኑ፣ አይቡ፣ ባቄላው፣ ሲገኝም ሥጋው ከጎኑ አለ። አይቡ የሚመጣው ከላሟ ነው፤ ላሟ በበጋ የምትበላው የእንሰቱን ቅጠል ነው፤ እንሰቱ የሚለመልመው በላሟ ፍግ ነው። ቃጫው ገመድና ከረጢት ይሆናል፤ ቅጠሉ ዳቦ ይጋገርበታል፣ ጉድጓዱ ይለበስበታል። ዓለም ዛሬ በየጉባኤው «አደጋን የሚቋቋም የምግብ ሥርዓት» እያለ የሚፈልገው ነገር በእማማ ጓሮ ስም ሳይወጣለት ይኖራል። ከላሟ፣ ከፍጉና ከጎመኑ አንዱ ሲጎድል ሌላውም ይሳሳል።

የሚከፈልበት ላብ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚነገር አይደለም። በበነጋታው የጎረቤት ሴቶች በደቦ ተሰብስበው ሲፍቁ በሩቁ አየሁ። በሩቁ ያልኩት በዚያ መንደር ወንድ ወደ መፋቂያው አይጠጋምና ነው። ሴቲቱ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ያዘነበለ ሳንቃ ላይ የግንዱን ልጥ በእግሯ ረግጣ ይዛ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትገፋለች። ሥሩ ተከትክቶ ይቀላቀላል። ተጨምቆ የሚወርደው ውኃ ሲረጋ ከሥሩ የሚቀረው ነጩ ቡላ ነው። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። የሃያ ሚሊዮን ሰው ዋስትና በእነዚህ ሴቶች ወገብ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ስለ ሰባ ሰባቱ ድርቅ አነሳን። ያን ጊዜ ዓለም የኮረምን ሬሳ በቴሌቪዥን ያየበት፣ እኛም ብዙዎቻችን በባዕድ አገር ስማችን ከረሃብ ጋር የተቆራኘበት ጊዜ ነው። «እናንተስ እንዴት አለፋችሁት?» አልኳቸው።

«ዝናቡ እዚህም ቀርቶ ነበር» አሉ። «በቆሎው ደረቀ። እንሰቱ ግን ቆመ። ሳይደርስ የቆረጥነውም አለ፤ አንጀታችን እያረረ። ከቆላ የመጣ ሰው በጀፎረው ሲያልፍ ያለንን እንሰጥ ነበር። በዚህ መንደር በረሃብ የተቀበረ ሰው አላውቅም።»

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ተነስቶ እንሰት ካለ ረሃብ የለም ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። ወላይታና ከምባታ የእንሰት አገሮች ናቸው። እ.አ.አ. በ2008 በእነዚሁ ለምለም አገሮች ሕፃናት በምግብ እጦት አብጠው ወደ ሕክምና ጣቢያ ሲወሰዱ ታይተዋል። «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው ይኸው ነው። መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ እየተከፋፈለ ጠበበ። እንሰቱ ሳይደርስ እየተቆረጠ አለቀ። ቤተሰቡ ፈጥነው በሚደርሱት በበቆሎና በስኳር ድንች ላይ ተንጠለጠለ፤ የበልጉ ዝናብ ሲቀር የሚይዘው አጣ። ለምለም መሬት ብቻውን አያድንም። የሚያድነው ለክፉ ቀን የቆመ፣ የተለያየ፣ ያልተነካ ነገር መኖሩ ነው።

አሁን ወደ ክርክራችን ልምጣ። ወዳጄ ለእናቱ የብሎኬት ቤት ሊሠራላቸው ተነስቷል። ብሎኬቱ ተራግፎ ጀፎረው ዳር ተቆልሏል። ቤቱ እንዲያርፍ ያሰበው ከጎጆው ጀርባ፣ እንሰቱ ላይ ነው። እማማ እምቢ አሉ።

«አዶት፣ እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሻል? በየወሩ እልክ የለም እንዴ? እህል ይገዛል» አላቸው።

«አንተ ብትልክም ገበያው ባይኖረውስ?» አሉት፣ ነገሩን እዚያው ላይ ዘግተው።

በመመለሻችን ወልቂጤ ቡና ስንጠጣም ወዳጄ አልተረታም ነበር። እኔ ግን የእናቱን ወገን ያዝኩ። እ.አ.አ. በ2022 የሆነውን አስታወስኩት። ሩሲያ ዩክሬንን ስትወርር የጥቁር ባሕር ወደቦች ተዘጉ፤ የስንዴ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ በግንቦት ሕንድ ስንዴዋን ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። ገንዘብ ያላቸው መንግሥታት እንኳ የሚሸጥላቸው ፍለጋ ተሯሯጡ። ለኢትዮጵያ የተመደበ 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ የጫነችው «ብሬቭ ኮማንደር» የተባለች መርከብ ጅቡቲ የደረሰችው በነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ያውም ከብዙ ድርድር በኋላ። የሰው ልጅ ከዕፅዋት ከሚያገኘው ጉልበት ግማሽ ያህሉ በስንዴ፣ በሩዝና በበቆሎ ላይ የቆመ በመሆኑ አንድ ወደብ ሲዘጋ ብዙ ማዕድ ይናጋል። በዚያ ዓመት የእማማ ቆጮ ግን ወደብም፣ መርከብም፣ ድርድርም አልጠየቀም።

ሌላም ነገር አለ። ኢትዮጵያ እ.አ.አ. በ1976 በጀርመን እርዳታ አዲስ አበባ ላይ የዘር ባንክ አቋቁማለች። በኋላ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬውን ዘር ከገበሬው ጋር ሆነው በመጠበቃቸው በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። ያ የኮራንበት ሥራ ነው። ስንዴና ማሽላ ደርቆ በቀዝቃዛ ክፍል ሊቀመጥ ይችላል። እንሰት ግን በቡቃያ የሚራባ ስለሆነ ዝርያው የሚጠበቀው እየተተከለ፣ በሕይወት ነው። ወላይታ ውስጥ አረካ ያለው የምርምር ማዕከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎችን ተክሎ ይዟል። ከዚያ ውጭ ያለው የዘር ባንክ የእማማ ጓሮና የመሰሎቻቸው ጓሮ ነው። አስታራን ከጓርየ፣ ጓርየን ከአገደ በቅጠሉና በግንዱ ቀለም ለይተው ይጠሩታል። አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የሚቀቀለው የትኛው እንደሆነ፣ ቡላው የሚበዛለት የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ። ጓሮው ሲመነጠር የሚጠፋው ይህ ሁሉ ነው።

ደግሞም መንጣሪው ብሎኬት ብቻ አይደለም። በጓሮው አንድ ጥግ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ የተንጠለጠለ ሰባት እንሰቶች አየሁ። አጠውልግ በሽታ ነው። በኢትዮጵያ እንሰት ላይ መኖሩ በሳይንስ ከተመዘገበ ከ1968 ጀምሮ ይታወቃል፤ እስካሁን መድኃኒት የለውም። የታመመውን የቆረጠ ቢላ ጤነኛውን ሲነካ ያስተላልፋል። መከላከያው ቢላውን በእሳት መለብለብ፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ንጹሕ ችግኝ መትከል ነው። በየመንገዱ ዳር ደግሞ እንሰት ይቆምበት የነበረው መሬት ባሕር ዛፍና ጫት ሆኗል። የሚፍቁት እጆችም እየቀነሱ ነው። ሴት ልጆቹ አዲስ አበባ፣ ቤይሩትና ዱባይ ናቸው።

በ2022 የታተመ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጥናት እንሰት በኢትዮጵያና በአካባቢው አገሮች ቢስፋፋ ተጨማሪ መቶ ሚሊዮን ያህል ሰው ሊመግብ እንደሚችል ይገምታል። መልካም ዜና ነው። ነገር ግን ሌላው ዓለም ሊማረው ሲመጣ የሚያስተምረው ሰው ባለቀበት ጊዜ ቢሆን ምን ይባላል?

እኛ ከውጭ ያለነው ምን እናድርግ? የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ገንዘብ አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ ያሠሩ ናቸው። ዛሬም እድራችንና የልማት ማኅበራችን ገንዘብ ሲያዋጣ አዳራሽና አጥር ብቻ ሳይሆን የንጹሕ ችግኝ ጣቢያ ያስብ። የሴቶቹን ወገብ የሚያሳርፍ መፋቂያ መሣሪያም ያስብ። ቤት የምንሠራም እንሠራ፤ ነገር ግን ቦታውን የጓሮው ባለቤት ትምረጥ። በስልክ «ገንዘቡ ደረሰሽ?» ብለን ከመዝጋታችን በፊት «ስንት ዓይነት እንሰት አለሽ? ስማቸውን ንገሪኝ፣ ልጻፈው» እንበል። የሚነግሩን እናቶች ዛሬ አሉ።

ወዳጄ ሰሞኑን ደውሎልኝ ነበር። ብሎኬቱ ወደ ባሕር ዛፉ በኩል ተጓጉዟል። ባሕር ዛፉ ተቆርጦ መሠረት እየተቆፈረ ነው። እማማ ከቁፋሮው አፈር ላይ ጥቂት አስነስተው ችግኝ ተክለውበታል አለኝ።